የግራው ፊት

«የግራውን ትንሽ አጥቁረው» አለች ሰርክአዲስ፣ ጣቷ ስክሪኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው። «ጥርሱን ብቻ አይደለም፤ ፊቷንም። ያዘነች ትምሰል።»

ጋሮምሳ ማውሱን አንቀሳቀሰ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ልጅ ሁለት ጊዜ፣ ጎን ለጎን ሆና ትስቃለች። በቀኝ በኩል ጥርሶቿ እንደ ወተት ነጭ ናቸው፤ ከኋላዋ ሰማያዊ ብርሃን ይፈነጥቃል። በግራ በኩል ያው ፊት፣ ያው ሳቅ ነው፤ ጥርሶቿ ግን ቡናማ ናቸው። ጋሮምሳ የግራውን ብርሃን ቀነሰና ግራጫ ጨመረበት። የጥርሶቿን ቡናማ መስመር አወፈረው። የከንፈሯን ጫፍ ይዞ በጥቂቱ ወደ ታች ሳበው።

ሳቁ ጠፋ። በሳቁ ቦታ በሽተኛ የምትመስል ልጅ ቀረች።

«እሰይ!» አለች ሰርክአዲስ። «አሁን ማንም እንዲሁ አይቶ አያልፋትም።»

የታጠቅ ባነር ቤት አዳማ ውስጥ ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግማሿን የያዘው ማተሚያው ሲሆን፣ በቀረችው ቦታ ሁለት ወንበርና አንድ ኮምፒውተር ተቀምጠዋል። በሩ ሲከፈት የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ ይገባል። ታጠቅ የጋሮምሳ እናት ታናሽ ወንድም ነው። ጋሮምሳ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚህ ይመጣል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያይ ነበር። አሁን ግን ደንበኞቹ ራሳቸው «ልጁ ይሥራልኝ» ይላሉ።

ያስተማረው ታጠቅ ነው። «ሰው ባነር አያነብም» ይላል ሁልጊዜ። «ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ያየዋል እንጂ። ዓይኑ ከግራ ይነሣል፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ግራ ላይ ጭንቀቱን አስቀምጥለት፣ ቀኝ ላይ ምኞቱን። መሐል ላይ ቀስት። በቃ! ቀሪውን ራሱ ይሠራልሃል።»

ሰርክአዲስ የምትሸጠው «በረዶ» የሚባል ጥርስ የሚያነጣ ፈሳሽ ነው፤ በትንንሽ ብልቃጥ እያደረገች ገበያ ለገበያ ይዛው ትዞራለች። ለባነሩ ይዛ የመጣችው ከኢንተርኔት የወረደ የአንዲት ፈረንጅ ፎቶ ነበር።

«እትዬ፣ ይቺን ማን ያምናታል?» አላት ጋሮምሳ ፎቶውን አይቶ። «የኛን ውሃ ጠጥታ አታውቅም'ኮ። የሰፈራቸው ልጅ የምትመስል ካላዩ ሙድ ነው የሚይዙብዎት።»

ታጠቅ ከማተሚያው ኋላ ሆኖ በሳቅ ፈረሰ። «ሰማሽው? ይሄ ልጅ እኮ አልቋል!»

ጋሮምሳ ደስ አለው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶዎቹን ማገላበጥ ጀመረ፤ ከዚያም የሎሚ ፎቶ ላይ ቆመ።

ሎሚ የአክስቱ ልጅ ናት። እናቷ መተሐራ፣ የሸንኮራ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ትኖራለች፤ ሎሚ ግን ለትምህርት አዳማ መጥታ እነ ጋሮምሳ ቤት ነው ያለችው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ካደጉ ልጆች ብዙዎቹ ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ጥርሱ ገና ከድድ ሳይወጣ ይገባበታል። ከውስጥ ስለሆነ በመፋቂያም በሳሙናም አይለቅም። ጋሮምሳ ይህን በደንብ ያውቃል፤ እሱም ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያው ካምፕ ነው። ሲያወራ የላይኛው ከንፈሩን ወደ ታች ይስባል። ሲስቅ እጁ ከሳቁ ቀድሞ አፉ ላይ ይደርሳል። ሰውን ፎቶ ማንሣት ይወዳል፤ እሱን ሊያነሡት ሲሉ ግን የሆነ ሥራ ትዝ ይለዋል።

ሎሚ እንደሱ አይደለችም። ሎሚ ስትስቅ እስከ መንጋጋዋ ነው። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ሶደሬ የሄዱ ጊዜ ውሃ ረጭተውባት፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ስትስቅ ነበር ፎቶውን ያነሣት። ካነሣቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚወደው እሱን ነው።

«ፏ ያለች ልጅ!» አለች ሰርክአዲስ። «ማን ናት?»

«የማውቃት ልጅ ናት» አለ ጋሮምሳ። «ባነሩ የት ነው የሚሰቀለው?»

«ዓለም ጤና፣ ገበያው ላይ።»

ዓለም ጤና ከአዳማ ሩቅ ነው፤ ሎሚ አታየውም ሲል አሰበ። ሳይጠይቃት ቀረ።

ሐኪም ደግሞ ያስፈልግ ነበር። ባለፈው ወር ለጎረቤታቸው ለዓብዱ ሥጋ ቤት የሠሩት ባነር ላይ ዓብዱ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። ጋሮምሳ ከወገብ በላይ ቆረጠው፤ አንገቱ ላይ የሐኪም ማዳመጫ አንጠለጠለበት። ታጠቅ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ዓብዱ ዶክተር ሆነ! ነገ ምላስና ሰንበር በሐኪም ትእዛዝ ሊሸጥልን ነው!»

በመጨረሻ ሰርክአዲስ የአጠቃቀሙን መመሪያ ሰጠችው። ጥጥ ላይ ጠብ አድርጎ ጥርስን ማበስ፣ ወዲያው በውሃ መጉመጥመጥ፣ ብዙ አለማቆየት፣ አለመዋጥ። ጋሮምሳ ጻፈውና ራቅ ብሎ አየው። ጽሑፉ የቀኙን ፊት ተጫነው። 

«ይሄ ይቀነስ እትዬ፤ ባነሩን ያጨናንቀዋል። ሰው አያነበውም።»

«አንተ ታውቃለህ» አለች።

አጠፋው።

*

ሎሚ ያወቀችው በቴሌግራም ነው። አንዱ የክፍሏ ልጅ ዘመድ ጥየቃ ዓለም ጤና ሄዶ ኖሮ፣ ባነሩን ፎቶ አንሥቶ የክፍሉ ግሩፕ ላይ ለቀቀው፤ ከሥሩ «ሎሚቲ ሞዴል ሆነሻል፣ ሳትነግሪን!» የሚል ጽፎበታል። ጋሮምሳ ከባነር ቤቱ ሲመለስ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«አንተ። ና እስቲ።»

ስልኩን ዘረጋችለት። ጋሮምሳ ተቀብሎ አየ።

«ልነግርሽ ነበር» አለ።

«መቼ?»

ጋሮምሳ ስልኩን መለሰላት።

«ቀኙን ተወው» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ቀኙ እኔ እንዳልሆንኩ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል። የገረመኝ ግራው ነው። የኔ ጥርስ እንዲህ ነው?»

«አይደለም።»

«አንተ ስታየኝ እንዲህ ነው የምታየኝ?»

«ኧረ ሎሚ፣ ለማስታወቂያ ነው! ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይ ግራው መጨለም አለበት። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው...»

«ከንፈሬንስ ምን አደረግከው?» ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ አየችው። «እየሳቅኩ ነበር'ኮ። ያን ቀን እየሳቅኩ ነበር፣ ጋሮሚ።»

ጋሮምሳ መሬቱን አየ።

«እሷን ሴትዮ አውርጂው በላት። ሁለተኛ ደግሞ ፊቴን ይዘህ ምንም እንዳትሠራ። ለይቅርታም ቢሆን።»

ለሰርክአዲስ ደወለላት። «እሺ እሺ፣ ወርዷል በለው» አለች፤ ከጀርባዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማል። የት ገበያ እንደሆነች አልጠየቃትም። ደውዬአለሁ፣ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ አለ ለራሱ።

ከዚያ በኋላ ሎሚ መሳቅ አላቆመችም፤ ግን ስትስቅ የአንገት ልብሷን ጫፍ አፏ ላይ ታደርጋለች። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ ሄደች። ማንም ልብ ያለው አልነበረም። እጅን አፍ ላይ ማድረግ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ጋሮምሳ ብቻ ልብ አለው።

*

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የሎሚ እናት ከመተሐራ ደወለች። ታናሽ ልጇ ሶሲ አፏ ተቃጥሎ አዳማ ሆስፒታል ይዛት እየመጣች ነበር። ጋሮምሳና ሎሚ ሲደርሱ ሶሲ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። ከንፈሯ አባብጦ ተሰነጣጥቋል። አፏን መዝጋት ስለማትችል ምራቋ በጉንጯ ይወርዳል፤ እናቷ በፎጣ ትጠርግላታለች። ሶሲ አራተኛ ክፍል ናት። ወሬ የማታቋርጥ፣ የሰው ስልክ ነጥቃ የምትሮጥ ልጅ ነበረች። አሁን በዓይኗ ብቻ ታያቸዋለች።

የሎሚ እናት ተሻለች የጋሮምሳ አባት እህት ስለሆነች «አዳዳ» ነው የሚላት። እንደ ወትሮው ልትስመው አልተነሣችም። የተነሣችው ወደ ሎሚ ነው። ቀረበችና አገጯን ያዘች፤ በአውራ ጣቷ የላይኛውን ከንፈሯን ገለጠችው።

ቡናማ ነው። እንደ ድሮው።

«ጥርስሽስ?» አለች ተሻለች።

«ጥርሴ ምን ሆነ፣ እማ?»

«ነጥቶ ነበር'ኮ። በዓይኔ ነው ያየሁት።» ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለች። «መተሐራ ገበያ ላይ ተሰቅሎ ሶሲ ናት መጀመሪያ ያየችው። 'እማ፣ ሎሚ! ሎሚ!' እያለች ቤት ድረስ እየሮጠች መጣች። ሄጄ አየሁ። ልጄ ናት። ስልክ ስትደውሉ ጥርስ አይታይ! ለገና ከመጣሽ ወዲህ አላየሁሽም። ሳትነግረኝ ጥርሷን አጸዳች ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።»

«እማ...»

«ሶሲ ለመነችኝ። ዶክተሩም አጠገብሽ ቆሟል። ገዛሁላት። ጥጡን ጥርሷ ላይ አድርጋ ነክሳ ያዘችው። ያቃጥላል እያለች፣ እንባዋ እየወረደ 'እንደ ሎሚ እስኪሆን' ብላ አልተፋውም አለች። እኔም መድኃኒት ያቃጥላል፣ ቻይው አልኳት። እኔ ነኝ ቻይው ያልኳት።»

ሐኪሟ ገባች፤ ወጣት ናት፣ ደክሟታል። ፈሳሹ ውስጥ አሲድ ሳይኖር እንደማይቀር ተናገረች። ድዱ ጊዜ ቢወስድም ይድናል፤ ከፊት ጥርሶቿ ላይ የተበላው ግን አይመለስም አለች። ከአሁን በኋላ ሶሲ ቀዝቃዛም ሆነ ትኩስ ነገር ሲነካት እንደሚያማት ነገረቻቸውና ወደ ሌላው አልጋ ሄደች።

ተሻለች ፎጣውን አጣጠፈች፤ ፈታች፤ መልሳ አጣጠፈች። «ሰው ሞኝ ነሽ ይለኛል አሁን። ግን የልጄን ፊት አይቼ እንዴት አላምንም?» ቀና አለች። «ማነው ይሄን የሠራው? የማን እጅ ነው?»

ሎሚ ጋሮምሳን አየችው። አንዴ ብቻ አይታው ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ጋሮምሳ እጁ አፉ ላይ እንደነበር ያወቀው በኋላ ነው።

*

ባነር ቤት ሲደርስ ሰርክአዲስ እዚያ ነበረች። ባነሩ ውጤታማ ሆኖላት ለመቂና ለአርሲ ነገሌ ገበያ ልታስደግም መጥታለች። ጋሮምሳ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ሶሲን፣ አፏን፣ የማይመለሱትን ጥርሶች። ባነሩ ላይ ያለችው ልጅ የሶሲ እህት መሆኗንም ነገራት።

ሰርክአዲስ ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔ'ኮ ከመርካቶ ነው የማመጣው። ለልጄም ቀብቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም። ብዙ እንዳታቆዩት ብዬ ተናግሬአለሁ!»

«ባነሩ ላይ አልተጻፈም።»

«ማን አስጠፋው?» አለች። «መመሪያውን አልሰጠሁህም? 'ያጨናንቃል' ያልከኝ አንተ አይደለህም? አሁን እኔን ብቻ ልትከሰኝ ነው?»

እውነቷን ነው።

«ይሄ ሥራ እኛ ጋ አይደገምም» አለ ታጠቅ ቀስ ብሎ። 

«ተዉት!» ቦርሳዋን አነሣች። «ፋይሉ ቴሌግራሜ ላይ አለ። አዳማ ባነር ቤት ጠፍቶ ነው?» በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። «ልጅቷ... ትድናለች አይደል?» ብላ ጠየቀች። መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

ታጠቅ ወንበሩን ስቦ ጋሮምሳ አጠገብ ተቀመጠ። «ስማኝ። ባነሩ ላይ ስማችን የለም። ማን እንደሠራው ማንም አያውቅም። ልጅቷን እንረዳለን፣ የሚያስፈልጋትን እናደርጋለን። አንተ ግን ዝም በል። ቤተሰብ ይበተናል። አባትህና እህቱ ዕድሜ ልካቸውን ሊኳረፉ ይችላሉ፣ ገባህ?»

ጋሮምሳ ገብቶታል። ታጠቅ ክፉ አይደለም፤ የተናገረውም ሁሉ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ሎሚም አልተናገረችም። ዝም ካለ ዝም እንዳለ ይቀራል።

ኮምፒውተሩ ላይ ያን ሥራ ከፈተው። የግራው ፊት አፈጠጠበት። ያጨለመው እሱ ነው፤ ከንፈሯን የሳበው፣ ሥጋ ሻጩን ዶክተር ያደረገው እሱ ነው። መተሐራ ገበያ መሐል አንዲት እናት ቆማ ልጇን ስታይ፣ ዓይኗ ከግራ ተነሥቶ በቀስቱ በኩል ወደ ቀኝ ሄደ። ልክ እሱ እንዳቀደው። ቢያጠፋው ደስ ይለው ነበር፤ ግን እዚህ ቢያጠፋው እዚያ ተሰቅሏል።

ስልኩን አወጣ። በሩ አጠገብ፣ የቀኑ ብርሃን በቀጥታ የሚገባበት ቦታ ላይ ቆመ። ካሜራውን ወደ ራሱ አዞረው። እጁ ከልማዱ ወደ አፉ ተነሣ፤ መለሰው። ከንፈሩን ገለጠ። የመጀመሪያው ፎቶ ደበዘዘ። ሁለተኛው ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። ሦስተኛው ላይ ጥርሶቹ በሙሉ ይታያሉ፤ ቡናማው መስመር፣ የተቦረቦረው የፊት ጥርሱ፣ ሁሉም።

አዲስ ገጽ ከፍቶ ፎቶውን መሐል ላይ አስቀመጠው። ከጀርባው ምንም ቀለም አላደረገም። ከሥሩ ጻፈ፦ «'በረዶ' የሚባለው ፈሳሽ ያቃጥላል። ባነሩ ላይ ያለችው ልጅ ጥርሷ አልነጣም። በኮምፒውተር ያነጣሁት እኔ ነኝ። ዶክተር የተባለውም ሐኪም አይደለም። ጋሮምሳ ደገፋ።»

ታጠቅ ከኋላው መጥቶ ቆመ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ማውሱ ሄደ። «ፊትህ ጨልሟል፣ ትንሽ ብርሃን...»

«አይነካ፣ ጋሼ።»

እጁ ማውሱ ላይ ቀረ። «ስምህንስ እንዳለ ትተወዋለህ?»

«መተሐራ በስሜ ነው የሚያውቁኝ።»

ታጠቅ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። ተነሥቶ ወደ ማተሚያው ሄደና ጥቅል ሸራውን አስገባ። «ሁለት ነው የማትመው» አለ ዞር ሳይል። «አንዱን መተሐራ ገበያ ላይ እኔ ራሴ ወስጄ እሰቅለዋለሁ።»

ጋሮምሳ የራሱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። ቀለሙ ገና ይሸት ነበር። ሎሚ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«የራሴ ፊት ነው» አለ። «ያንቺ የለበትም።»

ጠርዙን ትንሽ ገልጣ ወደ ውስጥ አጮለቀች። በሩን ገፋ አድርጋ ያዘችለት።

ሶሲ አንቀላፍታለች። ተሻለች ፎጣውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። «ጋሮሚ፣ ተመለስክ? ምንድን ነው የያዝከው?»

ጋሮምሳ አልጋው ግርጌ ቆመ። የሸራውን አንድ ጫፍ በአንድ እጁ፣ ሌላውን ጫፍ በሌላ እጁ ይዞ ዘረጋው። ካልለቀቀው በቀር አፉን የሚሸፍንበት እጅ አልተረፈውም።

«አዳዳ» አለ።